ከልጆች ጋር ጫካ ውሎ ድንኳን ማደር፦ ከወጨጫ ዝናብ በኋላ የያዝነው ልማድ

ትንሹ ልጄ ያኔ 6 ዓመቱ ነበር። ወጨጫ ተራራ ላይ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ከሚጀምርበት ትንሽ ከፍ እንዳልን፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ጉም ወረደብንና ካፊያ ጀመረ። ጫፉ ቅርብ ስለመሰለን «አሥር ደቂቃ ናት» ብለን ቀጠልን። አሥሯ ደቂቃ አርባ ሆነች፤ ካፊያውም ለየለት ዝናብ። ጫፉ ላይ ስንደርስ ከጉም በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። ስንወርድ ልጁ ዝም አለ። ዝም የሚል ልጅ አይደለም። እጁን ስይዘው «እማዬ፣ ጣቶቼ አይሰሙኝም» አለኝ።

ነርስ ነኝ። ብርድ የመታው ልጅ መጀመሪያ እንደሚንቀጠቀጥ፣ ቀጥሎ ወሬው እንደሚጠፋና እግሩ እንደሚወላከፍ፣ ሳይሞቀው መንቀጥቀጡ ከቆመ ደግሞ ነገሩ አደገኛ እንደሆነ ለሌሎች ሳስረዳ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን ጫፉን ለማየት ጓጉቼ የማውቀውን ዘነጋሁት። መኪናው ጋ ስንደርስ አማቴ ቁጭ ብለው ይጠብቁን ነበር። እኔ ተራራው ላይ ያለበስኩት ጋቢ ውሃ ጠጥቶ ድንጋይ ሆኗል። «ልጄ፣ ያን ጋቢ ወዲያ በይውና እርጥቡን ሁሉ አውልቂለት» አሉኝ። ከዚያ ከመንዝ ያመጡትን ባና፣ የበግ ሱፍ ብርድ ልብሳቸውን፣ ከጀርባቸው አንስተው ራቁቱን ጠቀለሉት፤ ራሱን በነጠላቸው አድርቀው፣ እግሩን ከጉያቸው ከተው ያዙት። ከፔርሙዙ ስኳር የበዛበት ሻይ በትንሽ በትንሹ አጠጣነው። ሰበታ ሳንደርስ ወሬ ጀመረ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታችን ውስጥ አንድ ሕግ አለ። ከቀኑ 6 ሰዓት ሲሞላ፣ የትም ብንደርስ፣ ጫፉ እጃችን ላይ ቢሆንም ፊታችንን እናዞራለን። ሰዓቱን የምትይዘው 11 ዓመት የሞላት ትልቋ ልጃችን ናት። እሷ «6 ሰዓት!» ካለች አባቷም እኔም አንከራከርም። ደጋ ላይ ጠዋት ጥርት ብሎ የዋለ ሰማይ ከሰዓት በኋላ ደመና ያጠራቅማል። ልጅ ደግሞ ቁልቁለቱን እንደ አዋቂ ቶሎ አይወርድም፤ ጉልበቱ ይዝላል፣ ያንሸራትተዋል። በዚያ ላይ አገራችን ከምድር ወገብ ስለማይርቅ ማታ ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። ከምጽፈው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይቺን የመመለሻ ሰዓት ውሰዱ።

የት እንጀምር?

የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። እንደኛ አዲስ አበባ ላላችሁ መነሻው ሩቅ አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ግማሽ ቀን ይበቃል። እንጦጦ ውጡ። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው ፓርክ መንገዱ የተሠራ፣ መጸዳጃ ያለው ነው፤ ከፍታው ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ የልጆቻችሁ ትንፋሽና ጫማ እዚያ ይፈተናል። ሦስት ሰዓት በእግራቸው ሄደው ማታ እየሳቁ ራት ከበሉ ለሚቀጥለው ዝግጁ ናቸው።

ቀጥሎ ሙሉ ቀን። የኛ ቤተሰብ የሚወደው የመናገሻ ሱባን ደን ነው፤ ወጨጫ ተራራን የለበሰው እሱ ነው። በሰበታ በኩልም በሆለታ በኩልም ይገባል። በሰበታ በኩል ሲወጣ ኮረኮንች ስላለው ዝቅ ያለች የቤት መኪና ትቸገራለች፤ ከጎረቤት ጋር ተዋጥቶ ሚኒባስ ኮንትራት መያዝ ይሻላል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ለልጆች ይህን ስትነግሯቸው ዛፉን የሚያዩበት ዓይን ይለወጣል። አንዱን ጥድ እኔ፣ ትልቋና አባቷ እጅ ለእጅ ተያይዘን ልናቅፈው ሞክረን አልገጠመም፤ ትንሹ ክፍተቷ ላይ ገብቶ ነው ክቡ የተዘጋው። ቅርፊቱ በረጃጅሙ እየተላጠ ክር ክር ይላል፤ አፍንጫችሁን ብታስጠጉ እርሳስ ሲቀረጽ የሚሸተው ሽታ አለው። ከታች ጥድና ዝግባ፣ ከፍ ሲል ኮሶ፣ ከዚያ አስታ እያለ ይቀየራል። ጉሬዛዎቹን ለማየት ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት መግባትና አፍ መዝጋት ያስፈልጋል። የምኒልክ ድኩላን እኛ ያየነው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ልጆቹ ደክሟቸው ዝም ባሉ ሰዓት።

የአንድ ሌሊት ማደር ሦስተኛው ነው። ለመጀመሪያ አዳር ላንጋኖን እመርጣለሁ፤ ወንጪን አይደለም። ወንጪ ውበቱ የሚነገርለት ነው፤ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ፣ ዙሪያው እንሰት፣ ደሴቱ ላይ የቂርቆስ ገዳም፣ መንገድ ዳር የሚሸጥ ማር። የአፋፉ ከፍታ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሌሊቱ ያንገበግባል። ወደ 1,000 ሜትር በወጣችሁ ቁጥር ብርዱ በ6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ላንጋኖ በሞጆ፣ በመቂና በባቱ አድርጋችሁ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ ሌሊቱ ለልጅ ይመቻል፤ ውሃው ቡናማ ቢሆንም ብልሃርዚያ የለበትም ተብሎ ሰው የሚዋኝበት ሐይቅ ነው። ዋና ግን ሁልጊዜ ሌላው ሰው በሚዋኝበት ቦታ ብቻ፣ አንድ አዋቂም ውሃው ውስጥ ሆኖ። ወባ ስላለ አጎበር፣ ማታ ማታ ረጅም እጅጌና ካልሲ ያስፈልጋል። ተመልሳችሁ በሁለት ሳምንትም ይሁን በወር ልጅ ካተኮሰው «ጉንፋን ነው» ሳትሉ ደም አስመርምሩ፤ ላንጋኖ አድሮ እንደነበርም ለሐኪሙ ንገሩ።

ጊዜው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ክረምቱ ወጥቷል፣ ጭቃው ደርቋል፣ ሣሩ ገና አረንጓዴ ነው። የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት ግን ውርጭ ይጥላል። ከየካቲት በኋላ በልግ ሊመጣ ስለሚችል የዝናብ ልብስ አይቀርም።

ከመነሳታችሁ አንድ ቀን በፊት ደውሉ። እዚያው የሚኖር ወይም የሚሠራ ሰው «መንገዱ ሰላም ነው?» ተብሎ ይጠየቅ። ቅር የሚል መልስ ከሰማችሁ ጉዞውን ለሌላ ሳምንት አስተላልፉት። እኛ ሁለት ጊዜ ጓዛችንን ጭነን አውርደናል፤ ልጆቹ አልቅሰው ነበር፤ እንጦጦ ወስደናቸው ዋልን።

ልብስና ጫማ

ስለ ጋቢ አማቴ ያስተማሩኝን ልናገር። ጋቢ ጥጥ ነው። ጥጥ ደረቅ ሆኖ ከቤት ውስጥ የሚያህለው የለም፤ ከረጠበ ግን ሙቀት ከሰውነት ይስባል፣ ቶሎም አይደርቅም። ስለዚህ ጋቢ የድንኳን ልብስ ነው፤ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይሄዳል፣ ማታ ይወጣል። ለመንገድ የበግ ሱፍ ይያዝ። የመንዝ ሰው ባናና በርኖስ የሚለብሰው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሱፍ ረጥቦም ያሞቃል። አማቴ ልጅ ሆነው በግ ሲጠብቁ ከላይ ገሳ፣ ከሥር ባና ለብሰው ክረምቱን ይወጡት እንደነበር ነግረውኛል። ይኸው የዛሬ ተራራ ወጪ በብዙ ብር የሚገዛው አለባበስ ነው፤ ውሃ የማያስገባ ከላይ፣ የሚያሞቅ ከሥር። ገሳውን በላስቲክ የዝናብ ካፖርት ተክተነዋል። ሹራብም ከሰልባጅ ገበያ ይገኛል፤ ጨርቁ ላይ የተሰፋውን ምልክት አንብባችሁ ሱፍ ያለበትን ምረጡ። ጂንስ አታልብሷቸው፤ ከረጠበ እንደ ጋቢው ነው።

ለጉዞ ብላችሁ አዲስ ጫማ አትግዙ። ከገዛችሁም ልጁ ሁለት ሳምንት ትምህርት ቤት ይሂድበት። የእግር ጥፍር ከዋዜማው በፊት ይቆረጥ፤ ቁልቁለት ላይ ጥፍር ከጫማ ጋር ሲጋጭ ያለቅሳሉ። «እዚህ ጋ ያቃጥለኛል» ካላችሁ እዚያው ቁሙ፣ ጫማ አስወልቁ፣ የቀላው ቦታ ላይ ፕላስተር ለጥፉ። ውሃ ከቋጠረ በኋላ ግን አታፍርጡት፤ ሸፍናችሁ ተመለሱ። ፀሐዩም ከፍታ ላይ ሳይታወቅ ያቃጥላል፤ ባርኔጣ ለሁሉም።

መንገድ ላይ

የኛ ትንሹ ሽቅብ ሲሄድ፣ ድንጋይ እያነሳ፣ ጉንዳን እያየ፣ በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። አባቱ መጀመሪያ ላይ ይህ ያናድደው ነበር። አሁን የሰልፉ መሪ ትንሹ ነው፤ ሁላችንም ከእሱ ኋላ ነን፤ አዋቂ መጨረሻ ላይ ይሆናል። በየ40 ደቂቃው ቁጭ እንላለን፤ ሳይርባቸው እንዲበሉ፣ ሳይጠማቸው እንዲጠጡ።

ምግቡ ላይ ነገሬ ይረዝማል፤ ምክንያቱም ጥሩው የጉዞ ጊዜ ከጾም ጋር ይገጥማል። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ስለሚዘልቅ ስንቃችን የጾም ነው፤ ደግነቱ የአባቶቻችን ስንቅ ለመንገድ የተፈጠረ ነው። የበሶ ጭብጦ እንሠራለን፤ በሶውን በዘይት፣ በጨውና በትንሽ በርበሬ ለውሰን፣ ውሃ ጠብ ጠብ እያደረግን በመዳፍ ጨብጠን የዶሮ እንቁላል የሚያህል እናደርገዋለን። ለትንሹ በርበሬው ቀርቶ ማር ይገባበታል። አንዷ ጭብጦ አንድ ዳገት ታስወጣለች። ገብስ ቆሎ ከለውዝ ጋር፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሙዝ፣ ብርቱካን። ጾም ካልሆነ ቋንታ ፍርፍር በሳህን። ከረሜላና ብስኩት ብቻ ይዞ የወጣ ልጅ ከሰዓት በኋላ ይዝላል፣ ይነጫነጫል። ወላጁም አብሮ።

ውሃ ለአንድ ሰው 2 ሊትር ያዙ። ከምንጭ ከቀዳችሁ አፍሉት፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ፣ መንፈር ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ጠብቁ። ማፍላት ካልተቻለ ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ በልኩ ጨምሮ ግማሽ ሰዓት ማቆየት ነው።

ለእያንዳንዱ ልጅ ፊሽካ በአንገቱ አንጠልጥሉ። ከጠፋ አንድ ዛፍ መርጦ እዚያው ይቁም፤ ሦስት ጊዜ ይንፋ፣ ይጠብቅ፣ ደግሞ ሦስት ጊዜ። መንገድ ፍለጋ እንዳይሄድ አጥብቃችሁ ንገሩት። ቤት ውስጥ በጨዋታ አስለምዷቸው፤ የኛዎቹ መኝታ ቤት ተደብቀው ሲነፉ ጎረቤት በር አንኳኩቷል።

ሳማን አስቀድማችሁ አሳዩአቸው። ከነካቸው እኔ ቱልት ቅጠል አሽቼ አደርግላቸዋለሁ፤ እናቴ ለኔ ታደርግልኝ የነበረውን ነው። ገበሬ ቤት አጠገብ ስታልፉ ውሻ ከወጣ አይሮጥም፤ ቁሙ፣ ልጁን ከኋላችሁ አድርጉ፣ ባለቤቱን ተጣሩ። ከነከሰ ግን ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ግቡ። ትንሽ ጭረት ናት ተብሎ የሚታለፍ የውሻ ንክሻ የለም።

ድንኳን

ድንኳኑን ሐሙስ ማታ ሳሎን ውስጥ ትከሉት። ሶፋውን ገፍታችሁ፣ ካስማው ሳይመታ፣ ዘንጎቹን ብቻ አስገብታችሁ። ልጆቹ አንድ ሌሊት ይደሩበት። የጠፋ ዘንግ፣ የተበላሸ ዚፕ፣ ጨለማ የሚፈራ ልጅ፣ ሁሉም ሐሙስ ማታ ይታወቃል፤ ቅዳሜ ማታ ሜዳ ላይ መታወቁ ነው ችግሩ። እኛ የመጀመሪያውን ድንኳን ከአንድ ወዳጃችን ተውሰን ነው የጀመርነው፤ ደጋግማችሁ እስክታድሩ ድረስ አትግዙ።

ቦታው ከፍ ያለና ለጥ ያለ ይሁን። የደረቀ ወንዝ ውስጥና ሸለቆ ሥር አይተከልም፤ ላይ የዘነበው ደራሽ ሆኖ ይመጣል፣ ቀዝቃዛ አየርም ሌሊት ቁልቁል ወርዶ እዚያ ይተኛል። ቀና ብላችሁ የደረቀ ቅርንጫፍ እንዳይኖር እዩ። ማሳው ወይም ግጦሹ የማን እንደሆነ ጠይቁ፤ ባለቤቱን «እንዴት ዋላችሁ፣ ልጆች ይዘን ነው፣ እዚህ ብናድርስ?» ማለት ወግ ነው። ለማደሪያውና ለሌሊት ጥበቃው የሚከፈለውን ከመትከላችሁ በፊት ተስማሙ። የሰፈሩ ልጆች መሰብሰባቸው አይቀርም። ከረሜላ አትበትኑ፤ ኳስ ያዙ። ወንጪ ላይ ትንሹ ስማቸውን እንኳ ሳያውቅ እስከ ምሽት ከስምንት ልጆች ጋር ተጫውቷል።

ብርዱ በብዛት የሚመጣው ከመሬት ነው። ሁለት የማዳበሪያ ከረጢት ቀድዳችሁ ከድንኳኑ ሥር አንጥፉ፤ ጠርዙ ከድንኳኑ ወጥቶ አይታይ፣ ወጥቶ ከታየ ዝናቡን ሰብስቦ ከሥራችሁ ያስገባዋል። ውስጥ ሰሌን፣ በላዩ ስፖንጅ፣ ከዚያ ስሊፒንግ ባግ ወይም ብርድ ልብስ። ከላይ ሁለት ብርድ ልብስ ከመደረብ አንዱን ከሥር ማንጠፍ ይበልጣል። ሲተኙ ቀን ያላቡበትን ካልሲ ያውልቁ፣ ደረቅ ይልበሱ።

አሁን እንደ ነርስ ልለምናችሁ። ከሰል ድንኳን ውስጥ አታስገቡ። ለአምስት ደቂቃም፣ «ተቀጣጥሏል፣ ጭስ የለውም» ብላችሁም አታስገቡ። ጭሱ ካለቀ በኋላ ነው የሚገድለው፤ ሽታ የሌለው፣ ቀለም የሌለው፣ እንቅልፍ የሚመስል ጋዝ ነው። ቤት ዘግተው በከሰል ሙቀት ተኝተው የመጡ ሰዎችን ተቀብያለሁ፤ ሁሉም አልነቁም። ቡታጋዙም ውጭ ነው የሚለኮሰው። ልጅ ከበረደው ፍል ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ሳይሆን በማይቀልጥ ኮዳ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ በካልሲ ጠቅልላችሁ እግሩ ሥር አኑሩለት።

ጫካ ውስጥ እሳት አናነድም። በጋ ላይ ያ ጥድና አስታ በአንዲት ፍንጣሪ ይያያዛል። ቡናችንን ቤት ቆልተን፣ አፍልተን፣ በፔርሙዝ እንይዛለን። ላንጋኖ ዳር፣ አሸዋው ላይ፣ ባለቤቱ ሲፈቅድ አማቴ ጀበናቸውን ይጥዳሉ፤ ሲያበቃ ፍሙ ላይ ውሃ ይደፋል፣ በእጅ ተነክቶ መቀዝቀዙ ይታያል።

ምግብ ድንኳን ውስጥ አይደር፤ መኪና ውስጥ ይቆለፍ። ጅብ ሊጮህ ይችላል። ልጆቹ ሲፈሩ ድምፁን ሰምተው የት አቅጣጫ እንደሆነ እንዲጠቁሙ እጠይቃቸዋለሁ፤ ከተገመተ በኋላ ፍርሃቱ ይቀንሳል። ሽንት ለሊት ካስፈለገ አዋቂ ይነሳል፣ ባትሪ ይበራል። ለመጸዳጃ ከውሃና ከማደሪያ ራቅ ብሎ ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፈርና በአፈር ይመለሳል፤ ዳይፐርና ወረቀት ግን በፌስታል ታስሮ ወደ ቤት ይመለሳል።

ከውጭ ዘመድ ሲመጣ

ከዋሽንግተን የእህቴ ልጆች ለገና መጥተው በሁለተኛው ቀን ወንጪ ሊወጡ ፈለጉ። እዚህ ያደገ ልጅ 2,400 ሜትር ላይ ነው የሚተነፍሰው፤ እነሱ ግን ከባሕር ጠለል ብዙ ከማይርቅ ቦታ ነው የመጡት። አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይረፉ፣ ውሃ ይጠጡ፣ ከዚያ እንጦጦ፣ ከዚያ ወንጪ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመራቸው መድኃኒት ሰጥቶ ማስወጣት ስህተት ነው፤ መውረድ ነው የሚሻለው። እነሱን በሦስተኛው ቀን ላንጋኖ ወሰድናቸው፤ ወንጪን በሳምንቱ በፈረስ ዞሩት።

እሁድ ማታ

ቤት እንደደረሳችሁ ልጆቹን አውልቃችሁ እጠቡ፤ ከጆሮ ጀርባ፣ ከብብት፣ ከጉልበት ማጠፊያ መዥገር ፈልጉ። ካለ በወረንጦ ቆዳው ጋ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ፤ ቅባትም እሳትም አታስነኩት። የረጠበ ጫማ ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቁ፣ ጥላ ላይ ይድረቅ።

ድንኳኑ ረጥቦ ከታጠፈ በሳምንት ውስጥ ይሻግታል። እኛ ሰኞ ጠዋት የኮንዶሚኒየሙ ልብስ ማስጫ ገመድ ላይ እናሰጣዋለን። አማቴ ባናቸውን አያጥቡም፤ ያራግፉታል፣ ፀሐይ ላይ ያውሉታል፣ ሲመሽ ራሳቸው አጥፈው ከመኪናው ኋላ ወንበር ላይ መልሰው ያስቀምጡታል።